የተቆረጠ ጣት ይበቅላል? የአይጥ ጣት ሲያበቅሉ የኖሩት ሳይንቲስት እና የእኛ ልጆች ጣት

 

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ቤታችሁ ውስጥ ልጅ ካለ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል።

እዚህ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ስሠራ ደጋግሜ ከምሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ዶክተር፣ የተቆረጠ ጣት ተመልሶ ይበቅላል?» የሚል ነው። ጥያቄው በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ይበዛል። ማጭድ አለ፣ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ፣ የቆርቆሮ በር አለ። የትልቅ ሰው ጣትም ይጎዳል፤ ትንሽ ልጅ ግን እጁን የማያስገባበት ቦታ የለም።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እጅ አይበቅልም። እግር አይበቅልም። ከመጨረሻው መጋጠሚያ ወደ መዳፍ በኩል የተቆረጠ ጣትም አይበቅልም። ነገር ግን የትንሽ ልጅ የጣት ጫፍ፣ ጥፍር ያለበት የመጨረሻው ክፍል ማለቴ ነው፣ በአግባቡ ከተያዘ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። አዎ፣ ከነጥፍሩ!

ይህ ተረት ወይም የመንደር ወሬ አይደለም። ሙሉ የሥራ ዘመናቸውን ለዚህ ጥያቄ የሰጡ ሳይንቲስት አሉ። መጀመሪያ የእሳቸውን ታሪክ ላውጋችሁ፤ ከዚያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

ነገሩ የጀመረው እንሽላሊት ከሚመስል እንስሳ ነው ብትሉ አትሳሳቱም

ልጅ ሆነን እንሽላሊት ስናባርር ጭራዋን ጥላ ስታመልጥ ያላየ የለም። ጭራው መሬት ላይ ሲንፈራገጥ እኛ እሱን እናያለን፤ እሷ ድንጋይ ሥር ትገባለች። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ጭራ ታበቅላለች። አዲሱ ጭራ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ውስጡ በትክክለኛ የጀርባ አጥንት ፋንታ ልም አጥንት ነው ያለው። ማለትም ዓይን የሚያታልል ቅጂ ነው።

ከእንሽላሊት የበለጠ ጎበዝ ደግሞ አለ፤ ሳላማንደር ይባላል። መልኩ እንሽላሊት ይመስላል፤ ዝምድናው ግን ከእንቁራሪት ጋር ነው። እኛ አገር በተፈጥሮ አይገኝም። የሳላማንደርን ክንድ ብትቆርጡት ከነአጥንቱ፣ ከነጡንቻው፣ ከነነርቩ፣ ከነጣቶቹ መልሶ ያበቅላል። የተቆረጠው ከክርኑ ከሆነ ከክርኑ፣ ከአንጓው ከሆነ ከአንጓው ይጀምራል። ምን ያህል እንደጎደለው ያውቃል፤ ከዚያ በላይም በታችም አይሠራም።

ፕሮፌሰር ኬን ሙኒዮካ ሥራቸውን የጀመሩት በዚሁ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ውስጥ ከመምህራቸው ከሱዛን ብራያንት ጋር ሆነው ኔቸር በተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። የሠሩት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ከሚያድግ ሽል ላይ ገና እምቡጥ የሆነ ክንድ ወስደው፣ ተቆርጦ በማደግ ላይ ካለ የሳላማንደር ክንድ ጋር አጣበቁት። ሁለቱ ተግባብተው አብረው ክንድ ሠሩ። ይህ ምን ይነግረናል? ሽል ውስጥ ክንድን የሚሠራው መመሪያና ተቆርጦ የሚበቅለውን ክንድ የሚሠራው መመሪያ አንድ ዓይነት ነው።

እስቲ ይህን ወደ እኛ አምጡት። እኛም እኮ በእናታችን ማኅፀን ውስጥ ክንድ ሠርተናል! በአራተኛው ሳምንት ገደማ የክንዳችን እምቡጥ ይወጣል፤ በስምንተኛው ሳምንት ገደማ ጣቶቻችን ተለያይተው ይታያሉ። መመሪያው ዛሬም በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ አለ። ታዲያ ለምን አንጠቀምበትም? የፕሮፌሰሩ የዕድሜ ልክ ጥያቄ ይህ ሆነ።

ከሳላማንደር ወደ አይጥ

ሳላማንደር ከእኛ በጣም ይርቃል። መልስ የሚገኘው እንደ እኛ ከሚያጠባ እንስሳ ነው። ፕሮፌሰር ሙኒዮካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ወደሚገኘው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለረጅም ዓመታት የአይጥን ጣት አጠኑ፤ በኋላም ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

የአይጥ ጣት ለምን ተመረጠ? አይጥ ክንዷን አታበቅልም፤ የጣቷን ጫፍ ግን ታበቅላለች። ይህም እ.ኤ.አ. በ1982 ሪቻርድ ቦርገንስ የተባለ ተመራማሪ ያሳየው ነገር ነው። ወሰኑ ደግሞ የሚገርም ነው። መቁረጫው የመጨረሻው አጥንት ጫፍ ላይ ካረፈ ይበቅላል። ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለተኛው አጥንት ካለፈ ይጠግጋል፤ ጠባሳ ይሆናል፤ በቃ። አንድ ጣት ላይ፣ ጎን ለጎን፣ የሚበቅልና የማይበቅል ቦታ አለ ማለት ነው። ለሳይንቲስት ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል?

የፕሮፌሰሩ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥናት የሚበቅለው ቦታ ኤምኤስኤክስ1 የተባለ ጂን ከሚሠራበት ቦታ ጋር እንደሚገጥም አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ይህ ጂን የሌላቸው የአይጥ ሽሎች ጣታቸውን ማብቀል አቃታቸው። ቢኤምፒ4 የተባለ ፕሮቲን ሲሰጣቸው ግን እንደገና ቻሉ። ቢኤምፒ የሚባሉት ፕሮቲኖች ሰውነታችን «እዚህ አጥንት ሥሩ» ብሎ የሚልካቸው መልእክተኞች ናቸው በሏቸው።

የኢራቅና የአፍጋኒስታን ጦርነቶች ብዙ ወታደሮችን እጅና እግር ሲያሳጡ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ለዚህ ዘርፍ ገንዘብ መደበ። እ.ኤ.አ. በ2008 ፕሮፌሰሩ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ከማንጆንግ ሃን እና ከዴቪድ ጋርዲነር ጋር ሆነው የሰውን እጅና እግር ማብቀልን የተመለከተ ጽሑፍ ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ለአጠቃላይ አንባቢ አቀረቡ። የጻፉት ግን «ነገ ይሆናል» እያሉ አልነበረም፤ መንገዱ ከየት እንደሚጀምር እያሳዩ ነበር።

ጣቷ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ይህ ክፍል በኋላ ለቁስል አያያዝ ስለሚጠቅመን ልብ በሉ።

የአይጥ ጣት ጫፍ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ግራ ያጋባል፤ ጣቱ ይባስ ያጥራል። አጥንት የሚበሉ ሴሎች መጥተው የተጎዳውን አጥንት ይጠርጋሉ። ቁስሉም ቶሎ አይዘጋም። ከዚያ ቆዳው ሲገጥም ከሥሩ የሴሎች ክምችት ይፈጠራል፤ ብላስቴማ ይባላል። የአዲሱ ጣት ቡቃያ በሉት። ከዚያ በአንድ ወር ገደማ አጥንቱ፣ ቆዳውና ጥፍሩ ይመለሳሉ።

ቡቃያው የሚመጣው ከየት ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አጥንቱ ከቀረው አጥንት፣ ቆዳው ከቀረው ቆዳ ነው የሚመጣው። ማንኛውንም ነገር የሚሆን ተአምረኛ ሴል ከሌላ ቦታ አይመጣም። የሚያበቅለው እዚያው በሕይወት የቀረው አካል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በኒው ዮርክ የማዩሚ ኢቶ ቡድን የጥፍር ሥር ወሳኝ መሆኑን አሳየ። ጥፍርን ያለማቋረጥ የሚያሳድጉት ሴሎች ለታችኛው አካል «እደግ» የሚል ምልክት ይልካሉ። የጥፍሩ ሥር አብሮ ከተቆረጠ ምልክቱ ይጠፋል፤ ጣቱም አይበቅልም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሮፌሰር ሙኒዮካ ቡድን ሌላ ነገር ጨመረ። ቆሻሻ የሚያጸዱት የመከላከያ ሴሎቻችን፣ ማክሮፌጅ የሚባሉት፣ እንዲጠፉ ሲደረግ የአይጧ ጣት አልበቀለም፤ ቁስሉም በአግባቡ አልዘጋም። ስለዚህ በደም፣ በነዚህ ጠራጊ ሴሎችና በቀረው ሕያው አካል መካከል ያለው ሥራ ሳይበጠበጥ መካሄድ አለበት።

ሦስቱን ያዙልኝ፦ ሕያው አካል መቅረት አለበት፣ ደም መድረስ አለበት፣ የጥፍሩ ሥር መትረፍ አለበት።

ሼፊልድ፦ ሐኪም ያልሰፋው ጣት

አሁን ከአይጥ ወደ ሰው እንምጣ። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ በምትባል ከተማ በሕጻናት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ሲንቲያ ኢሊንግወርዝ የምትባል ሐኪም ትሠራ ነበር። በዚያን ዘመን የልጅ ጣት ጫፍ በር ሲቆርጠው የተለመደው ነገር ቆዳ አምጥቶ መድፈን ወይም መስፋት ነበር። እሷ ግን ቁስሉ ጸድቶ ሳይሰፋ ብቻ ሲሸፈን ጣቱ ተመልሶ እንደሚያድግ አስተዋለች። በርካታ ልጆችን ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1974 ጻፈችው።

ልጆቹ በግምት ከ11 እና 12 ዓመት በታች ነበሩ። ጉዳቱ ከመጨረሻው መጋጠሚያ ወደ ጫፍ ነበር። ጫፉ ሞላ፣ ጥፍሩ ወጣ፣ መልኩም ከሌሎቹ ጣቶች ብዙ የማይለይ ሆነ። ከእሷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አውስትራሊያ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ተጽፎ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም ብለን እናስብ። ሐኪሟ መድኃኒት አልፈጠረችም። ማሽን አላመጣችም። ያደረገችው ቁስሉን አጽድቶ መሸፈንና መታገስ ነው። ይህ ደግሞ ለጤና ጣቢያ የማይከብድ ሕክምና ነው!

በዶቃ የመጣ መጋጠሚያ

ወደ ፕሮፌሰሩ ልመለስና ታሪካቸውን ልጨርስ። የሚበቅለውን ቦታ ካጠኑ በኋላ ወደማይበቅለው ዞሩ። ጥያቄያቸው «ይህ ቦታ ማብቀል አይችልም? ወይስ ምልክት የሚሰጠው አጥቶ ነው?» የሚል ነበር። በፕሮቲን የተነከረች እጅግ ትንሽ ዶቃ አዲስ በተወለደች አይጥ ቁስል ውስጥ አስቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2012 ባወጧቸው ጥናቶች ቢኤምፒ2 የተባለው ፕሮቲን የማይበቅለውን አጥንት እንዲያድግ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ መጽሔት ላይ የወጣው ደግሞ የበለጠ ነው። ቢኤምፒ9 የተባለውን ሲጠቀሙ መጋጠሚያ ተሠራ፤ ልም አጥንት ያለው፣ ክፍተት ያለው፣ ከቀረው አጥንት ጋር የሚገጥም መጋጠሚያ። ሁለቱን ተራ በተራ ሲሰጡ አጥንትም መጋጠሚያም አገኙ።

ከ1982 እስከ 2019 ስንት ዓመት ነው? 37 ዓመት! ውጤቱ ደግሞ የጨቅላ አይጥ አንድ የጣት መጋጠሚያ ነው። አንዳንዱ «ይህ ብቻ?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። «አጥቢ እንስሳ በተፈጥሮው አይችልም» የሚለውን አባባል ሰብሮታል። ቦታው መቻሉን ይዟል፤ የጎደለው ትክክለኛው ምልክት በትክክለኛው ሰዓት መድረሱ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

በነገራችን ላይ ከዚህ ምርምር አንዱ ክፍል ከደጃችን ነው የተሠራው። አሽሊ ሳይፈርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ኬንያ ውስጥ ባጠናቸው እሾሃማ አይጦች ላይ የሚገርም ነገር አገኘ። እነዚህ አይጦች ሲያዙ ሰፊ የጀርባ ቆዳቸውን ጥለው ያመልጣሉ፤ ከዚያ ያለ ብዙ ጠባሳ ከነጸጉሩ ይመልሱታል። ጆሯቸው ሲበሳም ቀዳዳው ከነልም አጥንቱ ይሞላል። የእነዚህ አይጦች ዘመዶች በእኛም አገር ደረቅ ቆላማ አካባቢዎች ይኖራሉ። ክንድ ግን እነሱም አያበቅሉም።

ታዲያ ለእኛ ምን ይረባናል?

አንዲት እናት ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን የቀለበት ጣቱን ጫፍ ወስዶታል። ጎረቤት ቡና ደቁሶ ሞልቶበታል፤ ከላይ ደግሞ በክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

«ዶክተር፣ ልጄ ጣቱ ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ነው?»

«እናቴ፣ መጀመሪያ ክሩን ልፍታው። ጥፍሩ ሥር ካለ ተስፋ አለው።»

«ይበቅላል እያልከኝ ነው?»

«ጫፉ ሊያድግ ይችላል። ግን ትመላለሻለሽ፤ አንድ ቀን ብቻ አይበቃም።»

«ምን ገዶኝ! ሁልጊዜ እመጣለሁ።»

ቡናውን አጥቦ ማውጣቱ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ወሰደ። ልጁ አለቀሰ፣ እናትየውም አለቀሰች። የጥፍሩ ሥር ግን ነበረ። ተመላለሱ፤ ከሁለት ወር በላይ። ጫፉ ሞላ፤ ጥፍሩ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ወጣ። ልጁ በዚያ ጣት ብይ ይመታል።

ሁሉም ልጅ እንዲህ አይቀናውም። የሚወስነው የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ለቤተሰብ አስረዱ።

የልጅ ጣት ጫፍ ቢቆረጥ፦

1. በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን ራሱን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ እጁንም ከፍ አድርጉት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትገልጡ ያዙ። አብዛኛው የጣት ደም በዚህ ይቆማል።

2. ጣቱን በክር ወይም በላስቲክ አትሰሩ። ቀለበት ካለ ቶሎ አውልቁ፤ ሲያብጥ አይወጣም።

3. በንጹሕ ውሃ አጥቡት። ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ካለ ይመረጣል።

4. ቡና፣ አመድ፣ ጭቃ፣ እበት፣ ነዳጅ፣ የጥርስ ሳሙና አታድርጉበት። ከላይ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ የሚያበቅለው እዚያ የቀረው ሕያው ሴል ነው። እነዚህ ነገሮች ያንኑ ሴል ይጎዱታል ወይም ጀርም ያመጡበታል። አፈርና እበት ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ መንገድ ናቸው።

5. የተንጠለጠለ ጥፍር ካለ አትንቀሉ። ለሐኪሙ ተዉለት።

6. የተቆረጠውን ቁራጭ አትጣሉ። በንጹሕ ውሃ ለቀቅ አድርጋችሁ፣ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በፌስታል ቋጥሩት። ከዚያ ፌስታሉን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ አድርጉ። በረዶ ካለም ቁራጩን በቀጥታ አይንካው። መልሶ የሚገጥም ረቂቅ ቀዶ ሕክምና በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን የለም፤ ቢሆንም ሐኪሙ ቆዳውን ሊጠቀምበት ይችላል።

7. በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የቴታነስ ክትባት ያስፈልጋል፤ ራጅ ሊያስፈልግ ይችላል። አጥንቱ ወጥቶ የሚታይ ከሆነ ሕክምናው ይለያል።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ትዕግሥት ነው። ቁስሉ ተሸፍኖ እርጥበቱን ጠብቆ መቆየት አለበት። «አየር ይንካው፣ ይድረቅ» ብላችሁ ገልጣችሁ አትተዉት። ፋሻውን በቀጠሮ ቀይሩ እንጂ በየሰዓቱ አትፍቱ። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። መግል ካለው፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ቅላቱ ወደ እጅ ከወጣ ወይም ልጁ ካተኮሰው ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። መንገድ ሁልጊዜ ክፍት በማይሆንበት በዚህ ጊዜ ሩቅ መሄድ ካቃታችሁ በቅርባችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ የቁስሉ ጽዳትና ክትባቱ እዚያ ሊሠራ ይችላል።

ትልልቆችስ? የትልቅ ሰው የጣት ጫፍም አጥንቱ ካልተጋለጠ በዚሁ መንገድ ጥሩ ሆኖ ሊድን ይችላል፤ የልጅን ያህል ግን አይሞላም።

ከመቆረጥ የሚከፋው መታሰር

ጣት ትንሽ ነው። አሁን ግን ስለ ሙሉ እጅ ልናገር፤ ጽሑፉን የጻፍኩትም በዋናነት ለዚህ ነው።

ልጅ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ይወድቃል። ክንዱ ይሰበራል። ወጌሻ ተጠርቶ በቀርከሃ ያስረዋል። ክንዱ በሚቀጥሉት ሰዓታት ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። ደም ይቆማል። ደም ያልደረሰው ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ላይመለስ ይሞታል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ «አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ቻለው» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ማልቀሱን ይተዋል። ቤተሰብ ደስ ይለዋል። እጁ ግን ዝም ያለው ስለሞተ ነው። ጋንግሪን ይባላል፤ መጨረሻውም ክንዱን ቆርጦ የልጁን ነፍስ ማትረፍ ይሆናል።

በትንሽ ስብራት የተጀመረ ነገር፣ በስድስት ሳምንት ጀሶ ሊድን የሚችል ነገር፣ እጅ አስቆርጦ ያልፋል። የተቆረጠ ክንድን ደግሞ ፕሮፌሰር ሙኒዮካም ሆኑ ማንም ዛሬ ሊያበቅልላችሁ አይችልም።

ወጌሻ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ሕዝባችን የሚያምናቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ተነስተው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እንዲያውም የሚያስደስት ታሪክ አለ። ሀገራችን ውስጥ ዶ/ር መኮንን እሸቴ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ተሰጥቶ የታየውን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ በሚታተም የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አቅርበዋል። ከሥልጠናው በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚመጣው የእጅና እግር መቆረጥ ቀነሰ። ዶቃም፣ ጂንም፣ ሚሊዮን ዶላርም አላስፈለገም። «አታጥብቁ፣ ጣቱን ተመልከቱ፣ ካበጠ ፍቱ» የሚለው እውቀት እጆችን አተረፈ። እኔ ይህን ጥናት ከአይጥ ጣቱ ጥናት አጠገብ ነው የማስቀምጠው። አንደኛው ነገ ለሚያበቅል ነው፤ ሌላኛው ዛሬ እንዳይቆረጥ ነው።

ማሰሪያ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ወጌሻም ይሰረው ሐኪም፣ እነዚህን ተመልከቱ፦

ሕመሙ ከማሰሪያው በኋላ እየባሰ መጣ? ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ይጮኻል? ጣቶቹ ቀዘቀዙ፣ ገረጡ ወይስ ጠቆሩ? ደነዘዙ? ማንቀሳቀስ አቃተው?

ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ሲጫን ይነጣል፤ ሲለቀቅ በሁለት ሰከንድ ገደማ ቀለሙ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አደጋ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ የጥፍሩ ቀለም ደህና መስሎ ውስጡ ያለው ጡንቻ ሊታነቅ ይችላል። ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ምልክት የማያቋርጥ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው።

ከነዚህ አንዱን ካያችሁ «ነገ ይታያል» የለም። ማሰሪያውን እዚያው ፍቱት፤ አጥንቱ ይጣመም ግድ የለም፣ የተጣመመ አጥንት ይቃናል። ከዚያ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አንድ ተስፋ

እንዲህ ዓይነት ሳይንስ ሲወራ ተከትሎ የሚመጣ ነጋዴ አለ። «ስቴም ሴል ነው፣ የተቆረጠ እግር ያበቅላል» ብሎ ቅባት ወይም መርፌ የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። ዛሬ በዓለም ላይ የሰውን እጅ ወይም እግር የሚያበቅል መድኃኒት የለም። በሬ ሸጣችሁ አትሂዱ።

እጁን ወይም እግሩን ያጣ ወገናችንስ? ሰው ሠራሽ እግርና እጅ አለ፤ ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ቤት ከመዋል ወደዚያ መጠየቅ ይሻላል። በሰው ሠራሽ እግር የሚያርስ፣ የሚያስተምር፣ የሚነግድ ሰው ብዙ ነው።

ሳይንሱ ይቀጥላል። ምናልባት የዛሬዎቹ ልጆቻችን ሲያረጁ ክንድ የሚያበቅል ሕክምና ያዩ ይሆናል። ያ ቀን ቢመጣም ሕክምናው የሚጀምረው በሕይወት ከቀረው አካል ላይ ነው። ስለዚህ እስከዚያው የእኛ ድርሻ ግልጽ ነው፦ ቁስሉን አጽድቶ መሸፈን፣ የታሰረውን ማየት፣ ሕመም ሲብስ መፍታት።

ይህን ጽሑፍ ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ አንብቡላቸው። በተለይ ለወጌሾች፣ ለወፍጮ ቤት ሠራተኞችና የመፈልፈያ ማሽን ለሚያከራዩ ንገሯቸው፤ ማሽኑ ሲነሳ ልጅ አጠገቡ አይቁም።

ጤና ይብዛላችሁ! በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።